ቡናማዋ ብልቃጥ

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምናወጋው ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ልጆችና ስለ ኑሮ ነው። በዚህ ወር ግን ስለ አባቴ ደረት ላወጋችሁ ነው። ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ «ቆይ ስልኬን ልይ» የሚል አባት፣ አጎት ወይም የሥራ ባልደረባ ካላችሁ፣ ይህችን ገጽ ሳትጨርሱ እንዳታልፏት እለምናችኋለሁ።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሚኖሩት ደቡብ ጎንደር፣ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። እኔም ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ነው። አገሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ከእኛ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ ዳገት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለገና ሄጄ ሦስት ጠዋት አብሬያቸው ወጣሁ። ዳገቱ መሐል አንድ ትልቅ ወይራ አለ፤ አባቴ እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ። በመጀመሪያው ቀን «ጫማዬ ላላ» አሉ። በማግሥቱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። በሦስተኛው ቀን ስለ ወይራው ዕድሜ ያስረዱኝ ጀመር። መምህር ናቸውና ማስረዳታቸው አልገረመኝም። ዓይኔ የገባው ሲያስረዱኝ መዳፋቸው ደረታቸው መሐል ላይ ተጭኖ መቆየቱ ነው።

«አባባ፣ ያምዎታል እንዴ?»

«ጨጓራዬ ናት። ትንሽ ሲቆሙላት ትተዋለች።»

እኔ በቢዝነስ ተመርቄ በማርኬቲንግ ኦፊሰርነት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ሕክምና አልተማርኩም። ይሁንና ሰው ምን እንደሚያደርግ መመልከት እንጀራዬ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እዚያው ዛፍ ሥር የሚያስቆም ጨጓራ አላውቅም። ጨጓራ ዳገትና ሜዳ መቼ ይለያል?

ጥፋቱ የአባቴ ብቻ አይደለም። ቋንቋችንም ያሳስተናል። ጨጓራችን ሲቃጠል «ልቤን አቃጠለኝ» እንላለን፤ ልባችን ሲታመም ደግሞ «ጨጓራዬን»። የቀረውን «ንፋስ ነው»፣ «ብርድ መቶኝ ነው» እያልን በዝንጅብልና በጤና አዳም እንሸኘዋለን። የሚገርመው፣ አባቴ ከወይራው ሥር የተናገሩትን ነገር እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ኸበርደን እ.ኤ.አ. በ1768 ለለንደን ሐኪሞች ባቀረበው ጽሑፍ አስፍሮት ነበር። በእግር ሲሄዱ፣ ይልቁንም ዳገት ሲወጡና ከምግብ በኋላ የሚይዝ፣ ቆም ሲሉ ወዲያው የሚለቅ የደረት ጭንቀት። ስሙን አንጃይና አለው። ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል።

ከብዙ ልመና በኋላ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርገን ባሕር ዳር አንድ የልብ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ መሣሪያ ከማንሣቱ በፊት ብዙ ጠየቀ። መቼ ይጀምራል? ስንት ደቂቃ ይቆያል? ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ይሄዳል? አባቴ እንደ ተማሪ አሳጥረው መለሱ። ያላሉትን እናቴ ሞላችው። «ባለፈው ሳምንት መንጋጋዬን ብለህ እራት ትተህ አልነበር?» አለች። ተኝተው የተነሡት ኢሲጂ ደህና ነበር። እኔ ተመስገን ልል ስል ሐኪሙ አስቆመኝ፤ አንጃይና ያለበት ሰው ዕረፍት ላይ ሲሆን ኢሲጂው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ማስረጃ ታሪኩ ነው አለኝ። ከተጨማሪ ምርመራ በኋላ ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ለሌላው አካል ደም ሲያድል ይውላል፤ ጡንቻው ራሱ ግን ቀለቡን የሚያገኘው በራሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች ነው። በእነዚያ ቧንቧዎች ግድግዳ ውስጥ ዓመታት ያጠራቀሙት ስብ መንገዱን ያጠበዋል። ቁጭ ላለ ሰው የሚያልፈው ደም ይበቃል። ዳገት ሲጀመር ልብ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ መንገዱ ግን ያው ጠባብ ነው። ደረት ላይ የሚጫነው ያ ሕመም የተራበ ጡንቻ ጩኸት ነው።

የታዘዘላቸው መድኃኒት ከአንድ በላይ ነበር። ደም እንዳይረጋ አስፒሪን፣ ለኮሌስትሮል አንድ፣ የልብ ምትን ረጋ የሚያደርግ አንድ። እነዚህ በየቀኑ የሚዋጡ ናቸው። በመጨረሻ ሐኪሙ ከምላስ ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ክኒን ጻፈ፤ ናይትሮግሊሰሪን ትባላለች። ሕመሙ ሲመጣ ብቻ የምትወሰድ ናት። አትዋጥም፤ ከተዋጠች ጉበት አብዛኛውን ኃይሏን ያጠፋዋል። ከምላስ ሥር ከሟሟች ግን በቀጥታ ወደ ደም ገብታ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሥራ ትጀምራለች።

ሥራዋ ምን መሰላችሁ? እኔ የጠበበውን የልብ ቧንቧ የምትከፍት ብቻ ትመስለኝ ነበር። እሱንም ታሰፋለች፤ ትልቁ ውለታዋ ግን ሌላ ቦታ ነው። እንስራ እስከ አፉ ሞልታ ዳገት የምትወጣ ሴት አስቡ። መንገዱን ማሳጠር አይቻልም፤ ከእንስራው ላይ ቢቀነስላት ግን ትወጣዋለች። ናይትሮግሊሰሪንም በሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ወደሚባል ነገር ተለውጣ የደም ሥሮችን ግድግዳ ታላላለች፤ ከሁሉ በላይ ደም መላሾችን። ደሙ እግርና ሆድ አካባቢ ትንሽ ይቆያል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንሳል፤ ልብ የሚሸከመው ይቀልለታል። ሸክሙ ሲቀል ረሃቡም ይቀንሳል፤ ሕመሙም ይተዋል። ክኒኗ ቁጭ ተብሎ የምትወሰደውም ለዚሁ ነው። ደም ወደ ታች ሲወርድና ግፊት ሲቀንስ ቆሞ የተገኘ ሰው ሊያዞረው፣ ሊወድቅም ይችላል። የጠበበው ቧንቧ ግን እንደጠበበ ነው። ስቡን የምታጠፋ መድኃኒት አይደለችም፤ «ደረቴ ተወኝ» ብሎ የየቀኑን መድኃኒት ማቆም ራስን ማታለል ነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ። ክኒኑን ከአንድ መድኃኒት ቤት ገዛን። ባለሙያው እንደ ሌሎቹ ቆጥሮ በትንሽ ላስቲክ አደረገልን፤ ላዩ ላይ «ሲያም 1» ብሎ ጻፈበት። አመስግነን ወጣን። አባቴ ላስቲኳን አጥፈው የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቷት። በመጀመሪያው ሳምንት አንዴ ወስደው ሕመሙ በሁለት ደቂቃ ለቀቃቸው፤ ራሳቸውን ግን ክፉኛ መታቸው። እናቴ በስልክ «ደረቱን ተወችና ራሱ ላይ ወጣች» አለችኝ። ራስ ምታቱ የሚጠበቅ ነው፤ የራስ ደም ሥሮችም አብረው ስለሚሰፉ ይመጣል፤ ሲለምዱት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ከአራት ወር በኋላ አባቴ ከገበያ ሲመለሱ ያዛቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አንድ ከምላሳቸው ሥር አደረጉ። ምንም የለም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛውን አደረጉ። ምንም። ራስ ምታት እንኳ የለም። ጎረቤት በባጃጅ ሆስፒታል አደረሳቸው፤ እዚያ የተሰጣቸው ያችው ክኒን በሦስት ደቂቃ ለቀቀቻቸው። አንድ ሌሊት አቆይተው መረመሯቸው፤ ልባቸው አልተጎዳም ተባለ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ያንን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፍሁት አልነግራችሁም። በማግሥቱ አባቴ «ይህች መድኃኒት እኔ ላይ አትሠራም» ብለው ወሰኑ፤ እኔም አመንኳቸው። ለባሕር ዳሩ ሐኪም ደወልኩና ሌላ እንዲያዝልን ጠየቅሁት።

«እህቴ፣ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ» አለኝ።

«የምን ብልቃጥ?»

ዝም አለ። ከዚያ በቀስታ አስረዳኝ። ናይትሮግሊሰሪን የሚተን ነገር ነው። ከክኒኑ ውስጥ እንደ ሽቶ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ላስቲክና ፕላስቲክ ይመጠዋል፤ ሙቀትና ብርሃን ያፋጥኑታል። አባቴ ከገበያ ሲመለሱ ከምላሳቸው ሥር ያደረጉት ክኒን መልኩ ያው ነው፤ ውስጡ ግን ለቅቆ ሄዷል።

የሥራዬን ነገር ታውቃላችሁ። እኛ ማሸጊያ ስንል ስለ ቀለም፣ ስለ አርማ፣ መደርደሪያ ላይ ዓይን ስለመሳብ ነው የምናወራው። ለአንድ የሻምፑ ጠርሙስ ክዳን ስድስት ስብሰባ ተቀምጬ አውቃለሁ። በሕይወቴ ማሸጊያው ራሱ የመድኃኒቱ ግማሽ የሆነበትን ዕቃ ያገኘሁት ያን ቀን ነው። ብልቃጧ ብርጭቆ የሆነችው ክኒኑን እንዳትመጥ ነው፤ ቡናማ የሆነችው ብርሃን እንዳይገባ ነው፤ ክዳኗ ጠበቅ ያለው እንዳይተን ነው። አምሮ ለመታየት የተደረገ አንድም ነገር የላትም።

ስለዚህ ቤታችሁ ይህች ክኒን ካለች ዛሬውኑ ተነሡና እዩዋት። በላስቲክ ወይም በወረቀት ከሆነች፣ ከሌሎች ክኒኖች ጋር በሳምንት መደርደሪያ ሣጥን ውስጥ ከሆነች፣ ወደ ፋርማሲ ሄዳችሁ በራሷ ብልቃጥ ያለችውን ጠይቁ። ብልቃጧ ውስጥ ጥጥ አትጨምሩ፤ ጥጡም ይመጣል። ከምድጃ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ፣ ቀን ሙሉ ገላ በሚያሞቀው የውስጥ ኪስ ውስጥ አታኑሯት። ከተከፈተች በኋላ ምን ያህል እንደምትቆይ ማሸጊያው ላይ ያለውን ተከተሉ፤ ከ8 ሳምንት በኋላ ትጣል የሚሉ አምራቾች አሉ። በብልቃጥ ያለችውን ካጣችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። ከዚያው ቤተሰብ አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት የሚባል አለ፤ ከምላስ ሥር የሚደረግ አለው፤ ሥራ ለመጀመር ትንሽ ቢዘገይም እንደ ናይትሮግሊሰሪን ቶሎ አይተንም።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር። «ናይትሮግሊሰሪን ያልሽው ድማሚት የሚሠራበት አይደለም?» መምህርን ማታለል አይቻልም። ነው። ጣሊያናዊው ኬሚስት አስካኒዮ ሶብሬሮ እ.ኤ.አ. በ1847 ሲሠራው ጥቂቱን ቀምሶ ኃይለኛ ራስ ምታት እንደሚያመጣ ጽፎ ነበር። በ1867 አልፍሬድ ኖቤል ያንኑ ፈሳሽ ድማሚት አድርጎ አስመዘገበው። በዚያው ዓመት ላውደር ብራንተን የተባለ ወጣት ሐኪም ዘመድ የሆነ የሚሸተት መድኃኒት፣ አሚል ናይትራይት፣ የአንጃይናን ሕመም እንደሚያስታግሥ ጻፈ። በ1879 የለንደኑ ሐኪም ዊልያም መረል ናይትሮግሊሰሪንን በራሱ ላይ ሞክሮ ለሕመምተኞች መስጠት ጀመረ። ኖቤልም በስተርጅና ልቡ ታመመ። ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በ1896፣ ሐኪሞቹ ያዘዙለት ያንኑ ናይትሮግሊሰሪን እንደሆነ፣ ሰው እንዳይደነግጥም ስሙን ለውጠው እንደሚጠሩት ለወዳጁ እየተገረመ ጽፏል። (ስም ቀይሮ መሸጥ የእኛ ዘመን ማርኬቲንግ ፈጠራ አለመሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።) ክኒኗ ውስጥ ያለው መጠን ግን ከግማሽ ሚሊግራም አካባቢ የማይዘልና ከሌላ ነገር ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ አትፈነዳም። አባቴ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

የድማሚት ፋብሪካ ሠራተኞች ታሪክ ግን ለእኛም ትምህርት አለው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገቡ ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፤ በሳምንቱ መሐል ይለምዱትና ይተዋቸዋል፤ እሑድ አርፈው ሰኞ ሲመለሱ እንደገና ይጀምራቸዋል። ሰውነት ናይትሬትን ቶሎ ይለምዳል ማለት ነው። በየቀኑ የሚዋጥ፣ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ናይትሬት የታዘዘላቸው ሰዎች ሐኪሙ ሰዓቱን ለይቶ፣ ብዙ ጊዜም ማታ ማታ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያለ መድኃኒት እንዲያልፍ አድርጎ የሚሰጣቸው ለዚህ ነው። «ጠዋት 1፣ ከሰዓት 1» የተባለን መድኃኒት «ለማታም ይጠቅመኛል» ብሎ መጨመር ጉልበቱን ያሳጣዋል።

ቀጥሎ ያለውን ስጽፍ ትንሽ አፍሬያለሁ፤ ግን ልጻፈው። ባሕር ዳር ሳለን ሐኪሙ በመሐል ወደ እኔና ወደ እናቴ ዞሮ «አንድ አፍታ ውጪ ጠብቁን» አለ። ኮሪደሩ ላይ ቆመን እናቴ «ምን ደብቆን ነው?» እያለች ተጨነቀች። ምን እንደጠየቃቸው የገባኝ በኋላ ነው። ወንዶች ከፋርማሲ በሹክሹክታ የሚገዟት ሰማያዊ ክኒን፣ ሲልደናፊል፣ እንግሊዝ አገር በመጀመሪያ ስትሞከር የታሰበችው ለአንጃይና ነበር። ለልቡ ብዙም አልሆነችም፤ በሌላው ገበያዋን አገኘች፤ በ1998 አሜሪካ ፈቀደቻት። በዚያው ዓመት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች፣ ፈርቾት፣ ኢግናሮና ሙራድ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ በልብና በደም ሥሮች ውስጥ መልእክት አድራሽ መሆኑን ስለደረሱበት የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ሁለቱ መድኃኒቶች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። አንዱ መልእክተኛውን ይልካል፣ ሌላው መልእክቱ እንዳይጠፋ ያቆየዋል። ሲገናኙ የደም ግፊት ሊገድል እስከሚችል ድረስ ይወርዳል። ሲልደናፊል የወሰደ ሰው ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ ታዳላፊል የወሰደ ለ48 ሰዓት ናይትሬት መውሰድ የለበትም። ደረቱን ይዞት ሆስፒታል የገባ ወንድ ይህን ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ ሚስቱ ፊት ማለት ካፈረ ሚስቱን ያስወጣት። ልጁ ከሆነች ደግሞ እንደኔ ራሷ ትውጣ። አረቄና ቢራም ግፊት ላይ ሲጨመሩ ማዞሩን ያብሱታል፤ በበዓል ሰሞን አስቡበት።

እኛ ቤት የቀረው ጭቅጭቅ የጾም ነበር። አባቴ «ቅዳሴ እየሄድኩ አፌ ውስጥ ምንም አላስገባም» አሉ። እኔ ብዙ ተከራከርኩ፤ አልሰሙኝም። እናቴ ግን ነገሩን ያለ እኔ ዕውቀት ለንስሐ አባታቸው አደረሰችው። ሕመምተኛ መድኃኒቱን ይውሰድ አሉና በአንድ ቃል ጨረሱት። እኔ ሦስት ሳምንት በስልክ ያልቻልኩትን!

አሁን የሚያደርጉትን ልንገራችሁ፤ ሐኪሙ የፈቀደላቸው ነው። ክኒኗ ሕመም ሲመጣ ብቻ ሳይሆን እንደሚመጣ ከታወቀም ቀድማ ልትወሰድ ትችላለች። አባቴ ዳገቱ ግርጌ ካለ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንድ ከምላሳቸው ሥር ያደርጋሉ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተው ቀስ ብለው ይወጣሉ።

ሕመሙ ድንገት ቢይዝስ? ሐኪሙ የሰጠንን መመሪያ እናቴ በእጇ ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። የምታደርገውን አቁመህ ተቀመጥ። አንድ ከምላስ ሥር። አምስት ደቂቃ ሰዓት ተመልከት። ካልቀነሰ ወይም ከባሰ ሰው ጥራ፣ ወደ ሆስፒታል ጉዞ ጀምር፤ በመንገድ ላይ በየአምስት ደቂቃው እየጨመርክ እስከ ሦስት፤ ከሦስት አትለፍ። ከሥሩ የሆስፒታሉ፣ የባጃጅ ነጂውና የጎረቤት ስልክ አለ። አዲስ አበባ ላላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መድኃኒቱ ያልታዘዘለት ሰው ደረቱን ከያዘው ደግሞ የጎረቤት ክኒን መዋስ የለም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። ሴቶች ላይ ሕመሙ እንደ አባቴ ደረት ላይ ላይጫን ይችላል። ትንፋሽ ማጠር፣ ያለ ምክንያት መዛል፣ ማቅለሽለሽ ሆኖ ይመጣል። ለእናቴ ይህን ስነግራት «እኔን ተዪኝ» አለችኝ። አልተውኳትም፤ በሚቀጥለው ወር ትመረመራለች።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ብልቃጥ ከአዲስ አበባ ገዝቼ፣ ወደዚያ በሚሄድ የምናውቀው መንገደኛ እጅ ላክሁ። ፀሐይ በሚመታው መስኮት በኩል እንዳያስቀምጣት ሦስት ጊዜ ለመንኩት፤ ወርቅ የላክሁ ሳይመስለው አልቀረም። በሁለተኛው ቀን አባቴ ደወሉ።

«ደርሳለች። ቀኑን እናትሽ በእስክሪብቶ ጽፋባታለች።»

«ውስጧ ጥጥ አለ፣ አባባ?»

«ነበረ» አሉ። «ምን ያደርጋል ብዬ አውጥቼ ጣልኩት።»